ስምንት ተኩላ በአንድ ተራ

ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው እዚሁ ለንደን፣ ከዋይት ሲቲ አጠገብ፣ ሸፐርድስ ቡሽ ነው። ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ ለአውሮፓ ያከፋፈለውም እሱ ነበር፤ የጨዋታ መሪዎች ራስ ምታትም አብሮ የገባ ይመስለኛል።

ደጋግሜ የምጠየቀው ይኸው ነው፦ «አንዱ እንስሳት ሲጠራ ሌላው ያንቀላፋል፤ ምን ላድርግ?» እ.ኤ.አ. በ2014ቱ የጨዋታው ሕግ አንድ ድግምት ስምንት ተኩላ ያመጣል። በጨዋታው ዓለም አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ተኩላዎቹ ከወዳጅ ጋር ተባብረው ሲያጠቁ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዳይስ ስለሚጥሉ 16 ዳይስ ይሆናል። ተጫዋቹን አትቆጡት፤ ሕጉ የፈቀደለትን ነው ያደረገው።

እኔ የዳይስ ጥንዶቹን በቀለም ለይቼ ባንዴ አስጥላለሁ፤ ከየጥንዱ ትልቁ ይያዛል። የጠላት መከላከያ 13 ከሆነ፣ ተኩላው 4 ስለሚጨምር፣ 9 እና ከዚያ በላይ የመጣለት ሁሉ ነከሰ። ጉዳቱን አታስደምሩ፤ መጽሐፉ አማካዩን 7 ብሎታል። አምስቱ ከነከሱ 35፣ አለቀ። እስከዚያ ተከታዩን «ቀጥሎ አንተ ነህ፣ ተዘጋጅ» በሉት። ተራን ለመገደብ የአሸዋ ሰዓት መጠቀም አልወድም፤ ጀማሪን ያስደነግጣል።

እ.ኤ.አ. በ2024ቱ እትም ድግምቱ ተቀይሮ አንድ የመንፈስ መንጋ ብቻ ሆኗል። የድሮውን የሙጥኝ ያላችሁ፣ ሁለት ጠንካራ እንስሳ ብቻ እንዲጠራ አስቀድማችሁ ተስማሙ።