ከባሕር ዳር እስከ ጅዳ፦ ጆሮ ለምን ይደፈናል?

አምና አያቴ ለዑምራ ሄደው ከጅዳ ሲደውሉልን ገና ከሰላምታው፣ "አንድ ጆሮዬ ተደፍኗል፣ የምትሉት አይሰማኝም" አሉን። አልሐምዱሊላህ፣ በሦስተኛው ቀን ለቀቃቸው። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ከቦሌ ሲነሱ ደህና የነበሩ ሰው ጅዳ ሲያርፉ ለምን ታመሙ?

ነገሩ ከምንኖርበት ከፍታ ይጀምራል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በጣና ዳርም በጅዳም አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ነው፤ የሚለየው ግፊቱ ነው። የእኛው ከጅዳው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፔዳ ግቢ የምንጠጣው ሻይ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ለዚህ ነው።

አውሮፕላን 10,000 ሜትር ላይ ሲበር የውጭው አየር ሰው አያኖርም። ስለዚህ አየር እየተጨመቀ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግን እስከ ባሕር ወለል ግፊት አይደርስም፣ የአውሮፕላኑን አካል ያስጨንቃልና። በብዙዎቹ ጄቶች ውስጥ ግፊቱ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ይስተካከላል። በድሪምላይነርና በኤርባስ ኤ350 ግን 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ድሪምላይነር የተሳፈረ ሰው፣ በግፊት ረገድ፣ ባሕር ዳር እንደተቀመጠ ነው!

ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲነሱ በጆሮ ላይ የሚመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ጭንቁ ጅዳ ላይ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ባሕር ወለል ግፊት ይወረዳል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በበረራ ላይ ከፍታችሁ መልሳችሁ ብትዘጉት ስታርፉ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው አየርም እንዲሁ ነው። ከዚያ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ አየር ለማስወጣት አይቸገርም፤ ለማስገባት ግን መዋጥ ወይም ማዛጋት ይፈልጋል። ጉንፋን ካለ ቱቦው አብጦ ይዘጋል። አያቴም ጉንፋን ይዟቸው፣ በዚያ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ስለዚህ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር የተኙ ትልልቅ ሰዎችን ቀስቅሱ። ቴምር ወይም ማስቲካ ያኝኩ፣ ሕፃን ይጥባ። ካልከፈተ አፍንጫን ይዞ፣ አፍን ዘግቶ ቀስ ብሎ መንፋት ነው፤ በኃይል ግን አይሆንም። ጾመኛም ምራቁን መዋጥና ማዛጋት ይችላል፤ ለመንገደኛ ማፍጠር የተፈቀደ መሆኑንም አንርሳ፣ ኋላ ቀዷ ያወጣል።

የኦክስጅኑ ማነስ ጤነኛን ብዙ አያስቸግርም። የልብ፣ የሳንባ ወይም የከባድ ደም ማነስ ሕመም ያለበት ግን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪም ያማክር። "እኛ ደገኞች ነን" ማለት መድኃኒት አይሆንም። እርግጥ ደገኛነት ተራ ነገር አይደለም፦ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የሲንቲያ ቢል ቡድን ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የሄሞግሎቢን መጠናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ከባሕር ጠረፍ ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፣ የቲቤቶቹ የደም ኦክስጅን ደግሞ ዝቅ ይላል።

የአውሮፕላን አየር በጣም ደረቅ ነው፤ ውሃ ጠጡ፣ እግራችሁንም አንቀሳቅሱ። አያቴ ዘንድሮም ኢንሻአላህ ሊሄዱ አስበዋል። ቴምሩን ከሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳቸው እንከትላቸዋለን፤ ጉንፋን ከያዛቸው ደግሞ ቀኑን ማስተላለፍ ይሻላል ብለናቸዋል፣ እስካሁን ግን አልተስማሙም።