ሳይሸመን የሚቀደድ ቀሚስ

ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በተደረደሩት ሱቆች ደጃፍ የተሰቀለ የሐበሻ ቀሚስ ያየ ሰው ሁለት ባለሙያዎች ትዝ ይሉታል፤ የሸመነውና የሰፋው። ሦስተኛዋ አትታወሰውም። ጥለቱ ከየት ይነሣ፣ ስንት ቀለም ይግባበት፣ አረንጓዴው ከወርቃማው አጠገብ ይዋል ወይስ ነጭ ይለያቸው፣ ከጫፉ ስንት ጣት ባዶ ይቅር የሚለውን የወሰነችው እሷ ናት። ንድፍ አውጪዋ ሱቅ ላይኖራት ይችላል። ደመወዝ የሚቆርጥላት ድርጅትም የለም። አንድ ክፍል፣ አንድ የስፌት መኪና፣ በማዳበሪያ የተከማቸ ክር፣ ስልክና በስልኩ ውስጥ የጥቂት ሸማኔዎች ቁጥር ካላት ሥራ ጀምራለች ማለት ነው። በዚህ ሙያ ወንዶችም አሉ፤ እኔ ግን ብዙ ያየሁት ሴቶችን ስለሆነ «እሷ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሥራዋ የሚገባን ከሸማኔው ጉድጓድ ከጀመርን ነው። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። በእግሩ ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ክር ወደ ላይ ይነሣል፣ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። በመካከሉ በተከፈተው መንገድ፣ ማጉ በቀሰም የተጠቀለለበት መወርወሪያ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ማጉ ይመታል፣ እግር ይቀየራል፣ መወርወሪያው ይመለሳል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው ሸማ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። ማጉ ግን ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት የተፈተለ ከሆነ ልብሱ ገላ ላይ ሲያርፍ ይታወቃል። ፈታዮቹ ሴቶች ናቸው፤ ሸማኔዎቹ ደግሞ በብዛት ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወንዶች ወይም የእነዚያ ልጆች። ጋሞዎች በዚህ ሙያ ወደ ከተማዋ መጥተው መስፈር የጀመሩት ከዐፄ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተራ የሚመስል ነገር አለ፤ የንድፍ አውጪዋን ዕጣ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን በአንድ እጁ ሰዶ በሌላው መቀበል ስላለበት የጨርቁ ወርድ ከክንዱ ስፋት አያልፍም። ጥለቱ ደግሞ በማግ በኩል፣ ማለትም በጨርቁ ወርድ አግድም ነው የሚገባው። ስለዚህ ሰፊ ቀሚስ ታችኛው ጫፉ ዙሪያውን ጥለት እንዲኖረው ከተፈለገ፣ ጥለት ያላቸው በርካታ ቁራጮች ጎን ለጎን መገጣጠም አለባቸው። የአንዱ ቁራጭ ጥለት በግማሽ አልማዝ ካለቀ የሚቀጥለው በሌላኛው ግማሽ መጀመር ይኖርበታል። ለስፌት የሚታጠፈው ጣት የምታህል ጨርቅ ካልተቆጠረች አልማዙ ስፌቱ ላይ ይሰበራል። በዚህ ምክንያት ንድፍ አውጪዋ ቅዱን የምትጨርሰው ድሩ ሳይደራ ነው። የለባሿ ቁመት፣ ወገብ፣ የእጅጌው ርዝመት፣ ከወገብ በታች ስንት ቁራጭ እንደሚገባ ሁሉ ታውቆ ካላለቀ ሸማኔው ጥለቱን የት እንደሚጀምር አያውቅም። ከሱቅ ጣቃ ገዝቶ እንደ ልብ የሚቀድድ የሱፍ ልብስ ሰፊ ይህ ጭንቀት የለበትም።

መሣሪያዋ ርካሽ ነው፤ ባለካሬ የሂሳብ ደብተር። አንዷ ካሬ የተወሰኑ የድር ክሮችን ትወክላለች፤ የተቀለመችው ካሬ ባለቀለም ክር የሚያልፍባት፣ ባዶዋ ነጭ የምትቀር ናት። በካሬ ላይ ክብ አይሣልም። ቅጠል፣ አበባ፣ ወፍ ሁሉ በደረጃ ደረጃ መሰበር አለበት። መስቀል፣ አልማዝና የመጋዝ ጥርስ የመሰለው መስመር በጥለት ውስጥ ይህን ያህል የበዙት በእምነትና በልማድ ብቻ አይመስለኝም። ድርና ማጉ ራሱ ወደዚያ ይገፋል። ክብ የፈለገች ደንበኛ ወደ ጥልፍ ትሄዳለች። ጥልፍ ከተሸመነ በኋላ በመርፌ ወይም በመኪና የሚጨመር ስለሆነ እጅ እንደወደደ ይዞራል፤ ጥለት ግን ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚወለድ ነው። ሁለቱን እየደባለቁ የሚጠሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ዋጋቸውም፣ ድካማቸውም፣ ዕድሜያቸውም አንድ አይደለም።

ሸማኔው ሜዳውን፣ ማለትም ነጩን ክፍል፣ ሲሠራ እጁና እግሩ ይፈጥናሉ። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ሁሉም ነገር ይቆማል። በእያንዳንዱ መስመር የተቆጠሩ የድር ክሮችን በጣቱ ወይም በቀጭን እንጨት እያነሣ ቀለሙን በእጁ ያሳልፋል፤ ከዚያ ነጩን ማግ ይወረውራል፤ እንደገና ይቆጥራል። ባለብዙ ቀለም ሰፊ ጥለት ያለው ቀሚስ ሳምንታት የሚፈጀው በዚህ የተነሣ ነው። ደንበኞች ግን ለአንድ ሜትር ነጭ ጨርቅና ለአንድ ስንዝር ጥለት የሚጠፋውን ጊዜ ሲነገራቸው አያምኑም።

ደብተሯን ይዛ ሸማኔው ቤት ስትደርስ እውነተኛው ንድፍ ይጀመራል። ሸማኔው ደብተሩን አገላብጦ አይቶ፣ ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ትቶ ክሩን ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀይ አንድ መስመር ብትወርድልኝስ?»

«ትወርዳለች፤ ግን ከሥሯ ያለው ሰማያዊ ይላላል፤ ታጥቦ ሲመጣ ትሰሚያለሽ።»

እንዲህ ያለው ምልልስ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ጥሩ ንድፍ አውጪ የምትለየው እዚህ ነው። የሣለችውን በግድ ከማሠራት ይልቅ፣ ሸማኔው በራሱ ያመጣውን መላ ተቀብላ ደብተሯ ላይ ታስተካክላለች። ናሙናው አንድ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ነው፤ ከተስማሙ በኋላ ያቺ ቁራጭ ከማንኛውም ውል የበለጠ ዋስትና ትሆናለች። ዲዛይን የወረቀት ሥራ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ይህን ቢያይ ደስ ይለኛል።

ክሩ ሌላ ራስ ምታት ነው። ነጭ ሸማ ላይ ቀይ ክር ማስገባት ድፍረት ይጠይቃል። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ መጀመሪያ በታጠበበት ቀን ቀሚሱ ሮዝ ሆኖ ይወጣል፤ ተወቃሹም ቀለሙን የነከረው ፋብሪካ አይደለም። ስለዚህ የምትጠነቀቅ ባለሙያ ከያንዳንዱ አዲስ ልቃቂት ጥቂት ቆርጣ ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፋለች፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠምዝዛ ትጨምቃለች፤ እስኪደርቅ ጠብቃ ታያለች። ያንኑ ቀለም ከዚያው ሱቅ በሌላ ጊዜ ብትገዛው እንኳ አንድ ደረጃ ደምቆ ወይም ደብዝዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ለአንድ ቀሚስ የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ቀን መግዛት ግድ ይላል። ገንዘቧ ክር ሆኖ ከረጢት ውስጥ የሚተኛውም በዚህ ሳቢያ ነው።

የነጠላ ንድፍ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ነጠላ ተሰቅሎ አይታይም፤ ይታጠፋል፣ ይጣፋል፣ ይዞራል። ቤተ ክርስቲያን በመስቀለኛ ሲጣፋ፣ ሠርግ ላይ በትከሻ ጣል ሲደረግ፣ ሐዘን ላይ ጥለቱ ወደ ላይ ሲዞር አንዱ ጥለት ሦስት መልክ ይኖረዋል። ላይና ታቹ ተለይቶ የሚታወቅ ሥዕል፣ ለምሳሌ ቆሞ የሚታይ ወፍ ወይም ጽዋ፣ ሲገለበጥ ያስቃል። ከጫፉ ክሩ ተቋጭቶ የሚንጠለጠለው ዘርፍም ቢሆን ርዝመቱ ከጥለቱ ስፋት ጋር ካልተመዛዘነ ነጠላው ይከብዳል ወይም ያጠረ ይመስላል።

ውሎዋን የሚመራው የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለሌላው ሰው የደስታ ነው፤ ለእሷ ግን ማስፈራሪያ ነው። ጥር ጥምቀትና ሠርግ በአንድ ላይ የሚወርዱበት ወር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ስለማይኖር ሥራው ይቀዘቅዛል፤ አዲስ ንድፍ የሚሞከረው ያኔ ነው፣ እጅ ባዶ የሚሆነውም ያኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጧጧፋል። ከሁሉ የሚገርመኝ መስከረም ነው። እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ጋሞዎቹ ሸማኔዎች መስቀልን በአገራቸው ለማክበር ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ይወጣሉ፤ ጉድጓዱ ባዶውን ይቀራል። ይህን ያላሰላች ጀማሪ ለጥቅምት ሠርግ ቀብድ ተቀብላ ስልክ ስትደውል ትከርማለች።

ዛሬ ደንበኛዋ ከጎረቤት ብቻ አይመጣም። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ በስልክ የሚያዙ አሉ። እስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤላውያን ለሲግድ በዓል ሐበሻ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ አሜሪካ ያሉት ደግሞ ለሙሽራዋና ለሚዜዎቹ በአንድ ጥለት ያሠራሉ። ልኩ አንዴ በኢንች፣ አንዴ በሴንቲ ሜትር ይላካል፤ ለይቶ የማይጽፍም አለ። የሙሽራዋን እህት ለብሳው ሳታያት መስፋት፣ በሰው ሻንጣ መላክ፣ ከዚያ ፎቶ እስኪመጣ መጠበቅ የሥራው አካል ሆኗል። ስልክ ላይ ያማረው ቀለም ፀሐይ ላይ ሌላ ነው ብላ ማስረዳቷም አይቀርም።

ትርፉን ከቀሚስ ብቻ ማግኘት ስለሚከብድ ጥለቱን ወደ ሌላ ነገር የሚያዛውሩ በዝተዋል፤ ወደ ትራስ ልብስ፣ ወደ መጋረጃ፣ ወደ ቦርሳ፣ ወደ አንገት ልብስ፣ ወደ ኮት ክፈፍ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ ስም ስታቋቁም የአገሯ ሸማኔዎች ገበያ ማጣታቸውን አይታ ነበር፤ ሸማውን ቀለል ባለ የባሕር ዳርቻ ቀሚስ አድርጋ ለውጭ ገበያ አቀረበችው። በሥነ ልቦና የሠለጠነችው ፍቅርተ አዲስ «የፍቅር ዲዛይን»ን ከፍታ የእጅ ሽመናን ወደ ዘመናዊ ቅድ አመጣች። አዲስ አበባ ያለው «ሳባሃር» ደግሞ የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል የሚገኘውን የኤሪ ሐር ከጥጥ ጋር አገናኝቷል። እነዚህ ስም ያወጡ ናቸው። ከኋላቸው ስማቸው ከሰፈራቸው ያላለፈ፣ ንድፋቸው ግን ከተማውን የዞረ ብዙዎች አሉ።

ንድፉ የሚዞረው ደግሞ በፈቃዳቸው አይደለም። አንዲት ሙሽራ ፎቶዋን በማኅበራዊ ሚዲያ እንደለጠፈች ያው ጥለት በሌላ ሱቅ ይሰቀላል። ይባስ ብሎ ሽመናን በሥዕል አስመስሎ ያተመ የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ ይገባል፤ ዋጋውም እጅግ ያነሰ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ጨርቁን መገልበጥ ብቻ ይበቃል። በተሸመነ ጥለት ጀርባ ባለቀለሙ ክር ሲያልፍና ሲመለስ ይታያል፣ በጣት ሲዳሰስም ይነሣል። የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው፣ ለጣትም ለጥ ያለ ነው።

ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የኢንዱስትሪ ንድፍን ይጠብቃል፤ አዲስ የሆነ ንድፍ ያስመዘገበ ሰው ለ5 ዓመት ጥበቃ ያገኛል፣ ይህም ሁለት ጊዜ በ5 በ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ችግሩ «አዲስ» የሚለው ነው። ንድፉ ከማመልከቻው በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ለሕዝብ ታይቶ ከነበረ አዲስነቱ ይቀራል። መስቀሉና አልማዙ ደግሞ የማንም አይደሉም፤ የሁሉም ናቸው። የራሷ የሆነው አደራደሩና የቀለሙ ምጣኔ ነው፤ ያንን ለይቶ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ቅጽ ከሚሞሉ የሚቀጥለውን ንድፍ ቢያወጡ ይመርጣሉ። በእኔ አስተያየት ተሳስተዋል። ቢያንስ የዓመቱን ምርጥ አንድ ንድፍ ቢያስመዘግቡ ነገሩ ሲከፋ መያዣ ይኖራቸዋል።

የሸማኔው ስም መጥፋት ከዚህ የባሰ ያሳዝነኛል። ሸማኔን በሙያው መስደብ የቆየ ነውራችን ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ዝምታው አለ። ንድፍ አውጪዋ ስሟን በትንሽ ጨርቅ አስጠልፋ አንገት ሥር ትሰፋለች፤ ያን የምታደርግ ከሆነ የሸመነላትን ሰው ስም ከስሟ ጎን ብታስገባ የሚወስድባት ሦስት ወይም አራት ፊደል ነው። አንዳንዶች ጀምረውታል።

እርስዎም ለሚቀጥለው በዓል ቀሚስ ወይም ነጠላ ሊያሠሩ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድመው ይዘዙ፣ ቀብዱን በጊዜ ይክፈሉ፤ ሲረከቡም ጥለቱን ገልብጠው ይዩና ማን እንዳወጣው፣ ማን እንደሸመነው በስም ይጠይቁ።