ከሰመጠች መርከብ እስከ ደብረ ማርቆስ፦ ጠላቂው ለምን አይቸኩልም?

ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ባቄላው እሳት ላይ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ይህች ሩብ ቀይ ባሕር ውስጥ ጠልቆ ለመጣ ሰው የሕይወት ጉዳይ ልትሆን ትችላለች። እንዴት?

ፖርት ሱዳን አጠገብ ጠላቂዎች የሚወዷት "ኡምብሪያ" የተባለች የጣሊያን መርከብ ሰምጣለች። ቦምብ ጭና ወደ ምጽዋ ስትሄድ እንግሊዞች አስቆሟት። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ጦርነት ስታውጅ፣ መርከቧ በእንግሊዞች እጅ እንዳትወድቅ የራሷ ካፒቴን አሰመጣት። ያኔ አገራችን በወረራ ሥር ነበረች፤ የጎጃም አርበኞችም እየተዋጉ ነበር። ቦምቦቹ እዚያው ባሕር ውስጥ ቀሩ።

አሁን ወደ ግፊቱ እንመለስ። ባሕር ላይ ግፊቱ 1 አትሞስፌር ነው። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት 1 ይጨምራል፤ ስለዚህ 30 ሜትር ላይ 4 ይሆናል። እዚያ እያንዳንዱ ትንፋሽ አራት እጥፍ አየር ይወስዳል። ላይ 60 ደቂቃ የሚበቃ ሲሊንደር፣ ታች 15 ደቂቃ ብቻ!

ሌላም ጣጣ አለ። ግፊቱ ሲጨምር ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ናይትሮጅን ወደ ደምና ሥጋ ይሟሟል። ጠላቂው በፍጥነት ከወጣ ጋዙ አረፋ ይሆናል። አምቦ ውሃ በአንዴ ሲከፈት ቡልቅ እንደሚለው ማለት ነው። አረፋው መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ሊገድልም ይችላል። ቀስ ብሎ ከወጣ ግን ናይትሮጅኑ በትንፋሽ ይወጣል።

መርከብ ውስጥ መግባት ለጀማሪ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ከላይ ጣሪያ ስላለ በቀጥታ መውጣት አይቻልም። ደለሉ ከተነሳ በሩ ይጠፋል። የደነገጠ ሰው አየሩን ቶሎ ይጨርሳል፤ በሩን ሲያገኝም ሽቅብ ይሮጣል።

ውሃው ላይ መውጣት ደግሞ መጨረሻው አይደለም። የተረፈው ናይትሮጅን ቀስ በቀስ የሚወጣው በሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠላቂዎች ከአንድ ጥልቂያ በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ ደግሞ 18 ሰዓት ሳይበሩ እንዲቆዩ ይመከራሉ። ለምን? በበረራ ላይ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ሊስተካከል ስለሚችል ነው።

ቁጥሩን አስተዋላችሁ? የደብረ ማርቆስ ከፍታ ነው! ከጠረፍ በመኪና መጣ በአውሮፕላን፣ ለጠላቂው ደም ልዩነት የለውም። እኛ በየቀኑ የምንኖርበት ደጋ ለእሱ በረራ ነው።