ከኩታበር ዝናብ እስከ ባሕር ዳር ጨው

በኩታበር ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ወዴት ይሄዳል ቢባል፣ የአገሩ ተማሪ ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎም ወደ ዓባይ ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው፤ ዳሩ ግን መንገዱ ገና ነው። ዓባይ ሜዲቴራኒያን ባሕር ሲቃረብ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ይበተናል፤ ይህም ዴልታ የሚባለው ምድር አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ በወረደ ደለል የተሠራ ነው። ያ የሰባ መሬት ዛሬ በጨው ተቸግሯል።

የአስዋን ታላቅ ግድብ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ከተፈጸመ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ይቀራል፤ ዴልታውም ቀስ በቀስ ይሰጥማል። በዚያ ላይ የዓለም ሙቀት በመጨመሩ ከ1900 ወዲህ ባሕሩ በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ስለዚህ ጨዋማው ውሃ ከመሬት በታች ሰርጎ ወደ እርሻው ይገባል። የሰሜን ዴልታ ገበሬ ሩዝ የሚዘራው ለመብል ብቻ አይደለም፤ በማሳው ላይ የሚተኛው ውሃ ጨዉን አጥቦ ስለሚያወርድለት ጭምር ነው እንጂ።

«እኛ ከ1993 ወዲህ ባሕር የለንም፤ ምን ገዶን?» የሚል አይታጣም። ጨው ግን ባሕርን አይጠብቅም። በአዋሽ ሸለቆ በአሚባራ ለጥጥና ለሙዝ ሲባል ውሃ በቦይ ገባ፤ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ግን በጊዜው አልተበጀለትም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ሥሩ ተነሣ፤ ፀሐይ ውሃውን ስትመጠው ጨዉ ከላይ ቀረ፤ ሰፊ እርሻም ነጭ ለብሶ ተተወ። ቆላው በሞቀ ቁጥር ትነቱ ይበረታል፤ ጨዉም ይፈጥናል።

የኩታበር ገበሬ ይህን ሕመም አያውቀውም። ክረምቱ ጨዉን አጥቦ ይወስድለታል፤ አፈሩንም አብሮ መውሰዱ ሌላ ጣጣ ነው። ሆኖም ትርፍ ውሃን ከማሳ ማስወጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ደገኛው ፈሰስ ያወጣል።

በቆላ መስኖ ላይ የሚመደበው ወጣት ሹም ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ሄክታር ውሃ እንዳጠጣ ነው። ውሃ ማስገቢያው ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ለማጠንፈፊያ ቦይ ሪባን ሲቆረጥ ያየ ሰው አላጋጠመኝም! የቦዩ ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ካልገባ፣ በኋላ መሬቱን ለማዳን የሚወጣው ገንዘብ እጅግ ይበልጣል። እስከዚያው በማሳው ውስጥ ቀጭን ቧንቧ ቀብሮ የከርሰ ምድሩን ውሃ በየወሩ መለካት ይቻላል፤ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር ካነሰ ቁፋሮው ለከርሞ አይባልም።