የማያስተኛው ማሳከክ፡ የኩላሊት እጥበት ታካሚዎችና የቆዳቸው ጤና

የኩላሊት እጥበት የሚከታተል ሰው በብዙ ጭንቀት የተወጠረ ነው። የመጓጓዣው፣ የሕክምና ወጪው፣ የሚበላውና የሚጠጣው ነገር ልክ ሁሉ ያሳስበዋል። በዚህ መካከል ቆዳው ቢደርቅ፣ ቢያሳክከው ወይም ቢጠቁር «ከዋናው ሕመም አይብስም» ብሎ ዝም ይላል። ሐኪሙም ካልተነገረው ላይጠይቅ ይችላል።

ችግሩ ግን የጥቂቶች ብቻ አይደለም። በተለያዩ ሀገራት በሺዎች በሚቆጠሩ የእጥበት ታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ10 ታካሚዎች 4 ያህሉ መካከለኛ ወይም ከባድ በሆነ ማሳከክ ይሠቃያሉ። ማሳከኩ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ስለሚብስ እንቅልፍ ይነሣል። እንቅልፍ ያጣ ታካሚ ደግሞ ይዳከማል፣ በድባቴ ይጠቃል፤ ቆዳው ሲቧጠጥ የሚፈጠረው ቁስልም ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። በመሆኑም የእጥበት ታካሚ ቆዳ ላይ የሚታይ ለውጥ የመልክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ስላለው ሁኔታ የሚናገር ምልክት ነው።

እጥበቱ እያለ ቆዳው ለምን ይጎዳል?

ጤናማ ኩላሊት ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት ደም ያጣራል። የእጥበት ማሽን ግን በተለመደው አሠራር በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል ይሠራል። ይህም በሳምንት ካሉት 168 ሰዓታት 12ቱ ብቻ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ወጪው ስለሚከብድ በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ የሚታጠቡ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። በእጥበቶቹ መካከል ባሉት ቀናት ከሰውነት መውጣት የነበረበት ቆሻሻ በደም ውስጥ ይከማቻል።

ከሚከማቹት ነገሮች አንዱ ፎስፈረስ ነው። ፎስፈረስ ከልክ ሲያልፍና በአንገት ላይ የሚገኘው የፓራታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲዛባ ማሳከኩ ሊባባስ ይችላል። በሌላ በኩል ላብና ቅባት የሚያመነጩት የቆዳ ዕጢዎች እየተዳከሙ ስለሚሄዱ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የነርቮችና የሰውነት መከላከያ ሥርዓት መዛባትም የራሱ ድርሻ አለው። ማሳከኩ ምንም ሽፍታ ሳይታይ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በቆዳና በጥፍር ላይ የሚታዩ ለውጦች

ብዙ ታካሚዎች በተለይ ለፀሐይ የተጋለጠው ፊታቸውና እጃቸው እየጠቆረ መሄዱን ያስተውላሉ። ለቆዳ ቀለም መፈጠር ምክንያት የሆኑ ነገሮች በኩላሊት በኩል መወገድ ስለማይችሉ የሚከሰት ለውጥ ነው። በደም ማነስ ምክንያት መገርጣትም የተለመደ ነው፤ በጠይም ቆዳ ላይ ይህ በቀላሉ ስለማይለይ የዓይን ቆብን ወደ ታች ስቦ የውስጡን ቀለም ማየት ይበጃል። በእጥበት ጊዜ ደም እንዳይረጋ በሚሰጠው ሄፓሪን የተነሣ በትንሽ ግጭት ቆዳው ሊበልዝ ይችላል። በአንዳንዶች ጥፍር ላይ ደግሞ ከሥሩ በኩል ያለው ግማሽ ነጣ ብሎ የጫፉ ግማሽ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ይህ በራሱ አደጋ የለውም።

የስኳር በሽታ ያለባቸው የእጥበት ታካሚዎች በእግራቸውና በክንዳቸው ላይ መሐላቸው የደረቀ፣ ጠንካራ እብጠቶች ሊወጡባቸው ይችላሉ። እብጠቶቹ በተቧጠጡ ቁጥር ስለሚበዙ ሕክምናው የሚጀምረው ማሳከኩን ከማስታገሥ ነው።

እምብዛም የማያጋጥም ነገር ግን እጅግ አደገኛ የሆነ ሌላ ችግርም አለ። በቆዳ ሥር ባሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ካልሲየም ሲከማች የደም ዝውውር ይቋረጥና የቆዳው ክፍል ይሞታል። በሆድ፣ በጭን ወይም በመቀመጫ አካባቢ ከባድ ሕመም ያለው፣ ሐምራዊ ወይም ጥቁር የሆነ ጠጣር ቦታ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ታካሚዎች ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ሆኖም መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አይገባም።

የሚያሳክክ ሁሉ የኩላሊት አይደለም

የእጥበት ታካሚም እንደ ማንኛውም ሰው በእከክ ሊያዝ ይችላል። ማሳከኩ በጣቶች መሐል፣ በእጅ አንጓና በብብት ከበረታ፣ የቤተሰቡ አባላትም ማከክ ከጀመሩ በእከክ መጠርጠር ተገቢ ነው። የእከክ ሕክምና ደግሞ በአንድ ቤት የሚኖሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማከምን ይጠይቃል። አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የመጣ ሽፍታም ለሐኪም ሊነገር ይገባል።

ሕክምናው ከምን ይጀምራል?

የመጀመሪያው ጥያቄ እጥበቱ በቂ ነው ወይ የሚለው ነው። ቀጠሮ ማሳለፍ ወይም ሰዓቱ ሳይሞላ ከማሽኑ መውረድ ማሳከኩን ሊያብሰው ይችላል። ቀጥሎም የፎስፈረስ፣ የካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን መጠን በደም ምርመራ ይታያል። ፎስፈረስን የሚይዙ እንክብሎች የሚሠሩት ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ነው፤ በባዶ ሆድ የተዋጠ እንክብል በምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አይዝም። ጥቁር ለስላሳ መጠጦችን፣ በፋብሪካ የተዘጋጁ የታሸጉ ምግቦችን፣ ጉበትንና የመሳሰሉትን መቀነስም ይረዳል። የባቄላና የአተር ፎስፈረስ ወደ ደም የሚገባው ከእነዚህ ባነሰ መጠን በመሆኑ ሽሮን ጨርሶ ከማቆም በፊት የአመጋገብ ባለሙያን ማማከር ይሻላል።

ለአለርጂ ተብለው ከመድኃኒት ቤት የሚገዙ እንክብሎች እንቅልፍ ቢያመጡም ለዚህ ዓይነቱ ማሳከክ ያላቸው ጥቅም አነስተኛ ነው። ጋባፔንቲን የተባለው መድኃኒት በአነስተኛ መጠን፣ ከእጥበት በኋላ ሲሰጥ ብዙዎችን ይረዳል። ነገር ግን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል በመሆኑ መጠኑ ካለፈ ከባድ ድብታንና የአእምሮ መደነጋገርን ያስከትላል። የሌላ ሰው መድኃኒት ተውሶ መውሰድ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ለእጥበት ታካሚዎች ማሳከክ ተብሎ ዲፈሊከፋሊን የተባለ መርፌ ፈቃድ አግኝቷል። የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላም በአብዛኛው ማሳከኩን ያስወግዳል። በኢትዮጵያ ይህ ሕክምና በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

የቆዳን ድርቀት ለመቀነስ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በሙቅ ውኃ ፈንታ ለብ ባለ ውኃ፣ ለአጭር ጊዜ መታጠብ፤ የልብስ ሳሙናን ለገላ አለመጠቀም፤ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ገና እርጥበት እያለው ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት ይመከራል። ጥፍርን ማሳጠር፣ ስስና ከጥጥ የተሠራ ልብስ መልበስ፣ ከምድጃ ወላፈን መራቅም ይጠቅማል። ማሳከኩ ሲመጣ ከማከክ ይልቅ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማስያዝ ይሻላል።

ምንነታቸው ያልታወቀ ቅባቶችና ቆዳ ያቀላሉ የሚባሉ ክሬሞች ቆዳን ያሳሳሉ። ቅጠል ቀጥቅጦ ቁስል ላይ ማድረግ ጀርም ያስገባል፤ የሚጠጡ የባህል መድኃኒቶች ደግሞ የቀረውን የኩላሊት አቅም ሊያጠፉ ይችላሉ።

የሕይወት መስመር የሆነው ክንድ

ከሁሉም በላይ ሊጠበቅ የሚገባው የእጥበት መርፌ የሚገባበት ቦታ ነው። ፊስቱላ በክንድ ላይ ደም ቅዳንና ደም መልስን በቀዶ ሕክምና በማገናኘት የሚዘጋጅ መስመር ነው። በዚህ ክንድ ላይ ያለውን ቆዳ ማከክ በጥፍር ውስጥ ያለውን ጀርም ወደ ደም ማስገባት ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ እጥበት በፊት ክንዱን በሳሙናና በውኃ ማጠብ ተገቢ ነው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ጎልቶ ስለማይታይ ታካሚው ሙቀትን፣ እብጠትን፣ ሕመምንና መግልን መከታተል ይኖርበታል።

በፊስቱላው ላይ ያለው ቆዳ ከሳሳና ካብረቀረቀ፣ ወይም የማይድን ቅርፊት ካለው ሊፈነዳ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ደም መፍሰስ ከጀመረ የሚፈስበትን ነጥብ በጣት ወይም በትንሽ ንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ክንዱን ከፍ ማድረግና እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል። ጨርቅ ደራርቦ መጠቅለል ደሙን ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም።

በአንገት ወይም በደረት በኩል ቱቦ የገባላቸው ታካሚዎች ቦታው ፈጽሞ እንዳይረጥብ መጠንቀቅ አለባቸው። ወንዝ ወርዶ መታጠብም ሆነ ጠበል መጠመቅ ቱቦውን ካረጠበው ኢንፌክሽኑ በቀጥታ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ከተሰማ ቀጣዩን ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም።

ታካሚው በሚቀጥለው እጥበት ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ማሳከኩ መቼ እንደሚብስ፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣውና የቀባው ነገር ካለ ምን እንደሆነ ቢናገር ሕክምናው ከዚያ ይጀምራል። ቤተሰብም የታካሚውን ጀርባና እግር በየጊዜው እያየ አዲስ ቁስል ወይም የቀለም ለውጥ ሲያገኝ ቢያሳውቅ፣ በጊዜ የታየ ትንሽ ቁስል ወደ ትልቅ አደጋ ሳይሸጋገር ሊታከም ይችላል።