የአሜሪካ ሴቶች የትምህርት ጉዞ፤ ፈቃድ ብቻውን አልበቃም

ሴት ልጅ እንዳትማር የሚያግዳት ምንድን ነው ተብላችሁ ብትጠየቁ፣ ብዙዎቻችሁ «የአባት እምቢታ»፣ «ልማድ» ወይም «ሕግ» ብላችሁ ትመልሱ ይሆናል። መልሱ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ከፈቃዱ በኋላ የሚመጡ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ይኸውም «የቤቱን ሥራ ማን ይሠራል?» እና «ገንዘቡን ማን ይከፍላል?» የሚሉት ናቸው። በዩኒቨርሲቲዎችዋ ብዛት የምትታወቀው የአሜሪካ ሴቶች ታሪክ ይህንኑ በሚገባ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወንበሩ ባዶ ሲሆን

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን፣ በሰሜን ምሥራቅ በኒው ኢንግላንድ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሴት ልጆቻቸው መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያነቡ ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። አስተማሪዋም ብዙውን ጊዜ ከጓዳ ሥራዋ ጎን ለጎን የጎረቤት ሕፃናትን በቤትዋ የምትሰበስብ ሴት ነበረች። መጻፍና ሒሳብ ግን የወንዶች ሙያ ተደርገው ስለሚታዩ፣ ብዙዎቹ ልጃገረዶች ከንባብ ቀጥለው የሚማሩት መርፌና ክር ነበር። በአንዳንድ ከተሞች ሴቶች ልጆች የከተማውን ትምህርት ቤት የሚያገኙት ወንዶቹ ለእርሻ ሥራ ሲወጡና ወንበሩ ባዶ ሲሆን ብቻ ነበር። የሁለተኛው ፕሬዚዳንት ባለቤትና የስድስተኛው ፕሬዚዳንት እናት የነበሩት ወይዘሮ አቢጌል አዳምስ እንኳ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም፤ የተማሩት እቤታቸው ውስጥ ነው።

ከነፃነት በኋላ በ1787 ቤንጃሚን ረሽ የተባሉ የታወቁ ሐኪም በፊላዴልፊያ ባደረጉት ንግግር፣ አዲሲቱ ሪፐብሊክ ጥሩ ዜጎች እንዲኖሯት እናቶች መማር አለባቸው ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ጠቅሟል፤ የሴቶች ትምህርት ቤቶች በየቦታው መከፈት ጀመሩ። ይሁን እንጂ ሴቲቱ የምትማረው ለባልዋና ለልጆችዋ ተብሎ እንጂ ለራስዋ አልነበረም። ወጪውንም የሚችሉት በአብዛኛው የባለጸጎች ልጆች ነበሩ።

መምህራኑ ገንዘብ ፍለጋ ወጡ

የገንዘቡን ጥያቄ በግልጽ ያነሡት ወይዘሮ ኤማ ዊላርድ ናቸው። እኚህ መምህርት በ1819 ለኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ለወንዶች ትምህርት የሕዝብ ገንዘብ እንደሚወጣ ሁሉ ለሴቶችም እንዲወጣ ጠየቁ። ምክር ቤቱ ገንዘቡን አልሰጠም። በ1821 ግን የትሮይ ከተማ ከነዋሪዎቹ 4,000 ዶላር በግብር ሰብስቦ ሕንፃ ስላዘጋጀላቸው ትምህርት ቤታቸውን እዚያ ከፈቱ። ሒሳብና ሳይንስ ለሴቶች ያስተምሩ ነበር፤ ከተመራቂዎቹም ብዙዎቹ ራሳቸው መምህራን ሆኑ።

ወይዘሪት ሜሪ ላዮን ደግሞ አረንጓዴ የከፋይ ቦርሳ ይዘው ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ መዋጮ ሰበሰቡ። በ1837 በማሳቹሴትስ ግዛት ማውንት ሆልዮክን ሲከፍቱ የዓመቱ ክፍያ፣ ምግብና መኝታ ጨምሮ፣ 60 ዶላር ብቻ ነበር። ክፍያው እንዲህ የቀነሰው እንዴት ነው? ሠራተኛ ስላልተቀጠረ ነው። ምግብ ማብሰሉን፣ ዳቦ መጋገሩን፣ እጥበቱንና ጽዳቱን ተማሪዎቹ ተራ ገብተው ይሠሩ ነበር። በዚህም ዘዴ መካከለኛ ኑሮ ያላቸው የገበሬ ልጆች ሊማሩ ቻሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ገንዘብ የጎደለበትን ቦታ የሞላው የልጃገረዶቹ ጉልበት ነው።

ሰኞ የእጥበት ቀን

በዚያው በ1837 በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ አራት ሴቶችን ከወንዶች እኩል ለዲግሪ ትምህርት ተቀበለ። ከእነርሱም ሦስቱ በ1841 ተመረቁ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም በኦበርሊን ሰኞ ዕለት ትምህርት አይሰጥም ነበር፤ ምክንያቱም ሴቶቹ ተማሪዎች የወንዶቹን ተማሪዎች ልብስ የሚያጥቡትና የሚጥፉት በዚያ ቀን ነበር።

ከማሳቹሴትስ የመጣችው የገበሬ ልጅ ሉሲ ስቶን እዚህ ኮሌጅ የገባችው በ25 ዓመትዋ ነው። ወንድሞችዋን ያስተማረው አባትዋ ለእርስዋ መክፈል ስላልፈለገ፣ ከ16 ዓመትዋ ጀምሮ በማስተማር ሥራ ገንዘብ ስታጠራቅም ቆይታለች። በ1847 ስትመረቅ የምረቃ ንግግር እንድትጽፍ ተመረጠች፤ ነገር ግን በሕዝብ ፊት የሚያነበው ወንድ እንደሚሆን ተነገራት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረታችን የተተረተው ለዚህ ቀን ይመስላል። ሉሲ ግን አልጽፍም አለች። በኋላም በባርነት ላይና ለሴቶች መብት በአደባባይ በመናገር ስምዋ በአገሩ ሁሉ ታወቀ።

ቀለም የለየው በር

ይህ ሁሉ ሲሆን ጥቁር ሴቶች ልጆች የት ነበሩ? በ1830ዎቹ በበርካታ የደቡብ ግዛቶች በባርነት ያሉ ሰዎችን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። ባርነት እየቀረ በነበረበት በሰሜንም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። በኮኔቲከት ግዛት በካንተርበሪ ከተማ የተከበረ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የነበራቸው ወይዘሪት ፕሩደንስ ክራንዳል፣ በ1832 መምህርት ለመሆን የተመኘችውን ጥቁር ወጣት ሣራ ሃሪስን ተቀበሉ። ነጮቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ማስወጣት ጀመሩ። መምህርቷም ሣራን በማባረር ፈንታ በ1833 ትምህርት ቤቱን ለጥቁር ልጃገረዶች ብቻ አደረጉት። የግዛቱ ምክር ቤት ወዲያው የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ መምህርቷ አንድ ሌሊት ታስረው አደሩ። ባለሱቆች ዕቃ አንሸጥም አሉ፤ የውሃ ጉድጓዳቸውም በፍግ ተበከለ። በመስከረም 1834 ሰዎች በሌሊት መጥተው መስኮቶቹን ስለሰባበሩ ለልጆቹ ሕይወት ሲባል ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሕጉ በ1838 ተሰረዘ፤ ግዛቱም በ1886 ለእኚያ መምህርት በዓመት 400 ዶላር ጡረታ ቆረጠላቸው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ነበር።

ሌላዋ መምህርት ሜሪ መክሎድ ቤቱን ናቸው። በባርነት ከኖሩ ወላጆች የተወለዱት እኚህ ሴት በ1904 በፍሎሪዳ ግዛት በዴይቶና ትምህርት ቤት ሲከፍቱ በእጃቸው የነበረው ገንዘብ አንድ ዶላር ከሃምሳ ሣንቲም ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻቸው አምስት ልጃገረዶችና የገዛ ልጃቸው ነበሩ። የከሰለ እንጨት እርሳስ ሆነ፤ የዱር ፍሬ ጭማቂ ቀለም ሆነ። የስኳር ድንች ኬክ እየጋገሩ በመሸጥም ትምህርት ቤቱን አቆሙት። ያ ትምህርት ቤት ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ቤቱን ኩክማን ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ይጠራል።

ሐኪሙ ያስፈራሩት ማኅፀን

ገንዘብና ጉልበት ሲገኝ ደግሞ ሌላ ምክንያት መጣ። በ1873 የቦስተኑ ሐኪም ኤድዋርድ ክላርክ፣ ሴት ልጅ እንደ ወንድ ብትማር ጤናዋና ማኅፀንዋ ይጎዳል የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ብዙ እናቶች ደነገጡ። የሴት ተመራቂዎች ማኅበር ግን በጩኸት ሳይሆን በጥናት መልስ ሰጠ። ከሰባት መቶ የሚበልጡ ተመራቂዎችን ጠይቆ በ1885 በወጣው ሪፖርት፣ የተማሩት ሴቶች ጤና ከሌሎቹ ሴቶች ያላነሰ መሆኑን አሳየ።

ሠላሳ ሰባት ቃላት

ሆኖም ብዙ በሮች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዝግ ነበሩ። ዬልና ፕሪንስተን ለመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ሴቶችን መቀበል የጀመሩት በ1969 ነው፤ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ደግሞ በ1983። የሃዋይ ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ፓትሲ ሚንክ ሐኪም ለመሆን ፈልገው ያመለከቱባቸው ከአሥር የሚበልጡ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ አልተቀበሏቸውም። እርሳቸውም ሕግ ተምረው የአገሪቱ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ከኢዲዝ ግሪን ጋር ሆነው የታገሉለት ሕግ ሰኔ 23 ቀን 1972 ጸደቀ። የሕጉ ዋና ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ብቻ ነው፤ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚረዳ ማናቸውም ትምህርት በፆታ ምክንያት ማንንም ማግለል አይችልም ይላል። በ1975 ሥራ ላይ በዋለው ደንብም ነፍሰ ጡር ተማሪን ማባረር ተከለከለ።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ1972 በሕክምና ከተመረቁት ውስጥ ሴቶቹ ከመቶ 9 ያህል ብቻ ነበሩ። ከ1982 ወዲህ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቁት ሴቶች ከወንዶቹ ይበልጣሉ፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ከሕክምና ተማሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ሆነዋል።

ታዲያ ሁለቱ ጥያቄዎች ተመለሱ ማለት ነው? አይደለም። በዛሬይቱ አሜሪካ ለትምህርት ከተወሰደው ብድር ከግማሽ የሚበልጠው በሴቶች ጫንቃ ላይ ነው። ልጅ እያሳደጉ ኮሌጅ ከሚማሩትም ውስጥ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው።

ስለዚህ፣ ውድ እናቶችና ሠራተኞች፣ ሴት ልጃችሁን ትምህርት ቤት ማስመዝገባችሁ መልካም ነው፤ ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ ምን እንደምትሄድ ተመልከቱ። ወንድምዋ ደብተሩን ሲዘረጋ እርስዋ ሽንኩርት የምትልጥ ከሆነ፣ ሥራውን ለሁለቱም አካፍሉ፤ አባትም ድርሻውን ይውሰድ። ገንዘብ ሲያጥርም «እርስዋ ትቆይ» ከማለታችሁ በፊት ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር ተቀምጣችሁ ተመካከሩ። ለጥናት የሚሆን አንድ ሰዓት እቤት ካላገኘች፣ የትምህርት ቤቱ በር ተከፍቶላታል ማለት አይቻልም።