ፈጭቶ የሚበላው ፈንገስ

ክረምት ሲገባ ከኩይሳ ጥግ ብቅ የሚለው እንጉዳይ የፈንገሱ ፍሬ ነው። ዋናው አካሉ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን ክሮች ሆኖ ውስጥ ለውስጥ ተሰራጭቷል። እነዚህ ክሮች አፍም ሆድም የላቸውም፤ ምግባቸውን የሚፈጩት ከሰውነታቸው ውጭ ነው። ኢንዛይም ያመነጩና የላመውን መልሰው ይመጥጡታል። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት አይችሉም፤ በዝምድናም ቢሆን ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባሉ። የወደቀ ግንድ ወደ አፈር የሚመለሰው በአብዛኛው በእነሱ ነው። ኩይሳው ውስጥ ደግሞ ምስጦች እንጨቱንና ሣሩን ለፈንገሱ ያቀርቡለታል፤ እሱ ሲያልመው ይበሉታል። ብልጥ ገበሬዎች ናቸው።

ጓዳችንም በፈንገስ ሞልቷል። እርሾ ውስጥ ከባክቴሪያ ጋር የሚኖረው ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ስኳር ሲበላ ጋዝ ይለቃል፤ የእንጀራው ዓይን ምጣድ ላይ የሚወጣው ጋዙ ሲያመልጥ ነው። ጠላውንና ጠጁን አስካሪ የሚያደርገውም የዚሁ ወገን ነው። ሻጋታውም ውለታ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ በአሌክሳንደር ፍሌሚንግ የባክቴሪያ ሳህን ላይ ያረፈው ሻጋታ ዙሪያውን ያለውን ባክቴሪያ አጥፍቶ ቢገኝ ፔኒሲሊን ተገኘ።

ገበሬውን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ዋግ የተባለው ፈንገስ ነው። የግንድ ዋግ ዘር ስንዴው ላይ አርፎ ጤዛ ካገኘ ይበቅላል፤ ተክሉ በሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ሾልኮ ይገባል። ብዙዎቹ ፈንገሶች የሞተውን ሲያበሰብሱ ይህ ግን ከሕያው ሕዋስ ነው የሚመጥጠው፤ ስንዴው ከሞተ እሱም ምግብ ያጣል። ኋላ አገዳውን ሰንጥቆ ይወጣል። በጣት ቢነኩት የዛገ ብረት የነኩ ይመስል ቀይ ቡናማ ብናኝ ይለጠፋል። ያ ብናኝ በነፋስ ከማሳ ማሳ፣ ከአገር አገር ይሻገራል። እሸቱ ያማረው ስንዴ ፍሬው ቀጭጮ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሌላው የዋግ ዓይነት፣ ቢጫ ዋግ፣ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ሲጎዳ ብዙ ገበሬ ዲጋሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ፤ ዲጋሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበርና። በ2013 ግን አንድ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሥቶ በባሌና በአርሲ ዲጋሉን ማሳ በማሳ አጠፋው። አንዱን ዝርያ ሁሉም ሲዘራ ዋግ የተደገሰለት ያህል ነው። አርሲ ያለው የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል አዳዲስ ዝርያ ያወጣል፤ ዋጉም ይለወጣል። ፀረ ፈንገስ መርጨት ይቻላል፤ የሚጠቅመው ግን ብናኙ ማሳውን ሳያለብሰው ነው፣ ስለዚህ አገዳውን ቶሎ ቶሎ እየገለጡ ማየት ያስፈልጋል።